መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም

በጌታ የተወደዳችሁ ወገኖች፣ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ዛሬም ወደ ቤቴ ብመለስ ምሳ አይወርድልኝምና ትንሽ ታገሡኝ። መሪያችን አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። አሥር ደቂቃ! እኔ ጉሮሮዬን ጠርጌ የምጨርሰው በአሥር ደቂቃ ነው። ግን እሺ፣ ታዝዣለሁ። ጌታ ይባረክ!

ስሜ ይመር ነው። ተወልጄ ያደግኩት ሐይቅ ነው፣ እናቴ ደግሞ የአምባሰል ሰው ናት። በደርግ ዘመን ከሐይቅ ዳርቻ እስከ ግሸን ተራራ ድረስ የእኔን እጅ የሚያህል ፈጣን እጅ አልነበረም። አላጋነንኩም። የቆመን ሰው ጫማውን ሳላስወልቅ ካልሲውን እወስድ ነበር። ዶሮ ከተቀመጠችበት እንቁላሏን አንስቼ ድንጋይ ስተካላት እስኪመሽ ድንጋዩን ታቅፋ ትውል ነበር። እና በዚያ ሁሉ ዘመን አንድም ቀን አልተያዝኩም። አንድም ቀን!

እዚያ ጥግ ያለሽው እህቴ፣ ቦርሳሽን ወደ ጭንሽ ስትስቢው አይቻለሁ። ኧረ ተይው! ጌታ ነክቶኛል እያልኩሽ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ምስክርነት ልስጥ ብዬ በተነሣሁ ቁጥር ጉባኤው «አሜን» እያለ ኪሱን ይዳስሳል።

እሺ፣ አንድም ቀን አልተያዝኩም ያልኩት ዓሣውን ሳይጨምር ነው። ዓሣው እንዲህ ነው። ከሐይቁ ዳር ከአንድ አስጋሪ ታንኳ ላይ አንድ ቆሮሶ ዓሣ አነሣሁና ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩት። ማን ይሙት፣ እጄ ስትሄድ ነፋስ እንኳ አልሰማትም። ችግሩ ዓሣው ገና አልሞተም ነበር። ወደ ከተማ ስመለስ አንዲት ባልቴት መንገድ ላይ ያዙኝ። የሐይቅ ሰላምታ ደግሞ ታውቃላችሁ፣ አያልቅም።

«እንደምን ዋልክ ልጄ? እናትህ ደህና ናት?»

«እግዜር ይመስገን እማማ፣ ደህና ናት።» ሆዴ ይዘላል።

«ከብቱ ደህና ነው? ዝናቡስ?» ሆዴ ወደ ቀኝ፣ ሆዴ ወደ ግራ።

«ልጄ፣ ሆድህ ምን ሆነ?»

«ቁርጠት ነው እማማ። ክፉ ቁርጠት።»

በትራቸውን ተደግፈው ዝቅ ብለው አዩኝ። «አዪ! ቁርጠቱስ ይሁን። ጅራቱ ግን በቁልፍህ መሃል ወጥቷል።»

በቃ፣ ከዓሣው ሌላ አልተያዝኩም። እንደዚያ ነበር የማምነው። በዚህ ምስክርነት ውስጥ ማን ማን ሲያየኝ እንደኖረ ስትሰሙ እናንተም እንደ እኔ ትናደዳላችሁ።

መጀመሪያ አያ ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። አያ ሰይድ ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሱቅ የነበራቸው ነጋዴ ናቸው፤ ሳሙና፣ ክብሪት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ከረሜላ፣ ሲገኝ ስኳር። እኔ ደግሞ ድምፅ ነበረኝ፣ ያውም የእናቴን አገር ዜማ፣ አምባሰልን። ሱቁ ደጃፍ ላይ ተደግፌ አምባሰል ሳወርደው አያ ሰይድ «ያረቢ!» ይላሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ የምጠብቀው ያቺን ነበር። ዜማው ሳይቆረጥ እጄ ባንኮኒውን ተሻግራ ሳሙና ይዛ ትመለሳለች። ዜማው በረዘመ ቁጥር የምወስደው ይበዛል። ሰው ዓይኑን ከጨፈነ የእኔ ነው፤ የሙያው መሠረት ይሄ ነው። ልጆች ካላችሁ ጆሯቸውን ያዙልኝ።

እጄ ያመጣችብኝ ትልቁ ጣጣ ግን ሳሙና አይደለም፣ ምስክር ወረቀት ነው። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ሁላችንም ፊደል እንድንቆጥር ተባለ። እኔ ትምህርቱ ላይ ተገኝቼ ጠመኔ ስሰርቅ ከረምኩ። ፈተና ደረሰ። ፈተናው ከሣጥን ውስጥ አንድ ብጣሽ ወረቀት አውጥተህ ሕዝብ ፊት ጮክ ብለህ ማንበብ ነው። ከሣጥኑ አንዷን አስቀድሜ አነሣኋት፣ አንድ ተማሪ አነበበልኝ፣ በቃሌ ያዝኳት። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ ጥቅም ነበር። በፈተናው ቀን ወረቀቷን መዳፌ ውስጥ ሸጉጬ እጄን ሣጥኑ ውስጥ ከትቼ አማሰልኩና ያቺኑ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። እንደ ጉድ አነበነብኩት! ወረቀቱን ገልብጬ እንደያዝኩት ያስተዋለ አልነበረም። ተጨበጨበልኝ፣ ምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፣ እናቴ ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። አንድ ፊደል ሳላውቅ ከመሃይምነት ተላቀቅኩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። መሪያችን ሰዓታቸውን እያሳዩኝ ነው። ያሳዩኝ፤ ድሮ ቢሆን ደፍረው አያሳዩኝም ነበር።

በእኛ ቀበሌ እትዬ አልጋነሽ የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሳምንት በሳምንት ከሰዓት በኋላ ሰው አንድ በአንድ ቤታቸው ይገባል፣ ጨርቅ ይዞ። አንድ በአንድ ይወጣል፣ ያንኑ ጨርቅ ይዞ። ሳይቀደድ፣ ሳይሰፋ! መኪናዋ ደግሞ ከውጭ ስትሰማ ያለ ዕረፍት ትንጫጫለች። እኔ ሌባው ይሄን አየሁና «ገባኝ!» አልኩ። እዚህ ቤት ስኳር በድብቅ ይሸጣል። ስኳር ባለበት ገንዘብ አለ፣ ገንዘብ ባለበት እኔ አለሁ። አንድ ቀን የሱሪዬን ጉልበት ሆን ብዬ ቀደድኩና «ይሰፋልኝ» ብዬ ገባሁ።

ስኳር የለም። ሰዎች ወንበርና መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ «ተባረክ፣ ግባ ወንድሜ» አለኝ፤ ሌላው የጋበዘኝ መስሎት ነው። እትዬ አልጋነሽ መስኮቱ ሥር ሆነው መኪናቸውን ይረግጣሉ። መርፌው ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ይላል። መርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። አይቼዋለሁ! የዚያን ያህል ዓይን እያለኝ አይቼው ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ? ሁሉም ተነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ!

ወገኖቼ፣ ለሌባ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል? እኔ አንድ ሰው ዓይኑን እንዲጨፍንልኝ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አምባሰል የማወርድ ሰው፣ ቤት ሙሉ ሕዝብ በነፃ ጨፍኖ፣ እጁን ከኪሱ አርቆ ወደ ሰማይ ዘርግቶ! እየሰረቅኳቸው ሳለ ተናደድኩባቸው። እንዲህም ዝርክርክነት አለ? በሹክሹክታ ይጸልያሉ፣ መኪናዋ ትንጫጫለች፣ እኔ ከፊቴ ወዳሉት ሽማግሌ ኮት ጠጋ አልኩ። ዚፕ ያለው ደህና ወፍራም የቆዳ ቦርሳ። አነሣሁት፣ ሹልክ ብዬ ወጣሁ።

ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ ፍተሻ ገጠመኝ። የሚፈትሸው የአብዮት ጥበቃው ሙሄ ነው፣ የሰፈሬ ልጅ፣ በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠኝ። ብብቴ ሥር ገብቶ ቦርሳውን አወጣው።

«ይመር፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የብር ቦርሳ ነው።»

ዚፑን ከፈተው። «ይሄ እኮ መጽሐፍ ነው።»

ከሙሄ ይልቅ የደነገጥኩት እኔ ነኝ። «ምን መጽሐፍ? አይደለም!»

«ቅጠል አለው፣ መስቀልም አለበት። አንተ፣ ጴንጤ ሆነሃል እንዴ?»

ለወጣቶቻችን ልንገር፤ በዚያ ጊዜ ጴንጤ መባል ሌባ ከመባል የከፋ ነበር። ሌባ ተገርፎ ይለቀቃል። ጴንጤ ግን «የኢምፔሪያሊዝም መሣሪያ» ነው፤ ወደ ደሴ ይላካል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬው አይሰማም። የቀበሌው ሊቀመንበር ፊት አቀረቡኝ። እኝህ ሊቀመንበር ሃይማኖት የኋላ ቀርነት ምልክት ነው እያሉ በየስብሰባው አፋቸው አረፋ እስኪደፍቅ የሚናገሩ ሰው ነበሩ።

«ከየት አመጣኸው?»

«ሰርቄ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

«አትቀልድ! መጽሐፍ የሚሰርቅ ሌባ የትኛው አገር ነው ያለው?»

«ቦርሳ መስሎኝ ነው! እኔ ማንበብ እንኳ አልችልም!»

ጠረጴዛውን በጡጫ መቱት። «በዚህ ቀበሌ ማንበብ የማይችል ሰው የለም! የለም ተብሎ ለአውራጃው ተነግሯል! ምስክር ወረቀትህን ራሴ አይደለሁም የሰጠሁህ? ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ እንደ ውኃ ያነበብከው አንተ አይደለህም?»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ጠፋ! «እሺ፣ አያ ሰይድ ይጠሩልኝ፤ ሌባ መሆኔን እሳቸው ይመሰክሩልኛል» አልኩ። ተጠሩ፣ መጡ።

«ይሄ ልጅ ሌባ ነው?» አሏቸው ሊቀመንበሩ።

አያ ሰይድ አዩኝ፣ በሩን አዩ፣ ዘቡን አዩ። «ይመር? ወላሂ ድምፁን የመሰለ ድምፅ አልሰማሁም። እናቱ የተከበረች ሰው ናት።»

«የጠየቅኩት እሱን አይደለም። ሲሰርቅ አይተውታል?»

«እኔ እሱ ሲዘፍን ዓይኔን ነው የምጨፍነው» አሉ።

«አያ! አፈር ስሆን፣ ይንገሯቸው! ሳሙናው! የባትሪ ድንጋዩ!» እያልኩ እለምናለሁ። እሳቸው እኔን የጠቀሙኝ መስሏቸው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲወጡ ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ልጄ አብሽር፣ አላጋለጥኩህም» አሉኝ። «ሳሙናውን ሁልጊዜም አይ ነበር። ብይዝህ ዘፈኑ ይቀርብኛል ብዬ ነው።»

ሁልጊዜም! ስንት ዘመን በጥበቤ ስኮራ ሰውየው በሽፋሽፍታቸው ሥር ያዩኝ ነበር! እና እንዲመሰክሩብኝ በለመንኩበት ቀን ሸሸጉልኝ። ሊቀመንበሩ ፈረዱ። «የምትሰበሰቡበትን ቤት ተናገር፣ አሁኑኑ ትሄዳለህ። ካልተናገርክ ደሴ ትላካለህ።»

ወዲያው ለምን እንዳልተናገርኩ አልዋሻችሁም። ጽድቅ አይደለም። የሽማግሌው ኮት ያልነካሁት ሌላ ኪስ ነበረው። ቤቱን ከተናገርኩ ያ ኪስ ቀረ ማለት ነው።

የቀበሌው እስር ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። ብቻዬን ከአይጥ ጋር አስገቡኝ። በማግስቱ በምሳ ሰዓት በሩ ተከፈተና ማን ቢገባ ጥሩ ነው? እትዬ አልጋነሽ! ሳህን ይዘው።

ሙሄ ጠየቃቸው። «ምኑ ነዎት እትዬ?»

«ርቦታል። ምኑ ብሆን ረሃቡን ይለውጠዋል?» አሉት።

ሳህኑን ገለጥኩት። ዓሣ። የቆሮሶ ወጥ! ጌታ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

እኔ በዓይኔ «ይሂዱ! ይያዛሉ!» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «በደንብ ብላ፣ አጥንቱን እያየህ» ይሉኛል። በነጋታውም መጡ። አሁን ይሄ ጤና ነው? እሳቸውን አሳልፎ መስጠት የሚችለው ሰው እኔ ነኝ፤ እኔኑ ይቀልቡኛል!

ሙሄ ደግሞ የራሱ ጣጣ ነበረበት። መጽሐፉ ውስጥ ምን ፀረ አብዮት ነገር እንዳለ አጣርቶ እንዲያሳውቅ ታዟል። በሩ ላይ ተቀምጦ ገለጠው፣ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ዘጋው። ወደ እኔ ገፋው።

«አንብብ።»

«አንተ አንብበው። የታዘዝከው አንተ።»

«እኔ ዘብ ነኝ። ዘብ ዓይኑን መጽሐፍ ላይ አይጥልም።»

ተያየን። ያን ጊዜ ገባኝ። «ሙሄ፣ አንተም?»

«ዝም በል።»

«መጸዳጃ ጉድጓድ?»

አንገቱን ደፋ። «የወባ ትንኝ» አለኝ።

ሁለት ምስክር ወረቀት ያላቸው መሃይሞች፣ መሃላቸው መጽሐፍ። እትዬ አልጋነሽ ምሳ ይዘው ሲመጡ ሙሄ አንገቱን አከከና «እትዬ፣ እኔ ዓይኔን ስላመመኝ፣ እስቲ ከዚህ ትንሽ ያንብቡልኝ» አላቸው። ተያዙ አልኩ። ማንበባቸው ብቻ አይደለም፤ አገላለጣቸው ያጋልጣቸዋል። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው አገላለጥ ሌላ ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀመጡና፣ አዲስ ኪዳን ነበርና፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። የመጀመሪያው ገጽ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ ያም ያንን ወለደ፣ ያም ያንን ወለደ።

ሙሄ አዳመጠ፣ አዳመጠ፣ አዛጋ። «እትዬ፣ ነገሩ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ነገ ይጀምራል» አሉት።

ለሊቀመንበሩ «ስለ መውለድ ነው፣ ገና እየተዋለዱ ነው» ብሎ አሳወቀ። እንዲህ ሆኖ የቀበሌ እስር ቤት ውስጥ በየምሳው ቃሉ ተነበበ። ክብር ለእግዚአብሔር! ሙሄ «ይሄማ ነቢዩ ዒሳ ነው፣ እኛም እናውቀዋለን» እያለ አንዳንዴ ሊተርክላቸውም ይሞክር ነበር። እኔ ግን ጌታ በሕዝብ መሃል ሲያልፍ፣ ሰው ሲጋፋው፣ «ምነው ኪሱን የሚጠብቅለት የለውም?» እያልኩ ነበር የምሰማው። ሌላ መስሚያ ጆሮ አልነበረኝማ።

አንድ ጠዋት ሊቀመንበሩ መጡ። «ዛሬ ማታ መኪና ወደ ደሴ ይሄዳል። ወይ ቤቱን ትናገራለህ፣ ወይ ትሳፈራለህ።»

ወሰንኩ። እናገራለሁ። ኪስ ገደል ይግባ። ከምሳ በኋላ እናገራለሁ አልኩ። ከምሳ በፊት ያላልኩት ምሳው እንዳይቀርብኝ ነው። እንዲህ ነበርኩ ወገኖቼ፤ የሴትዮዋን ዓሣ በልቼ ሴትዮዋን ልሸጥ።

እትዬ አልጋነሽ መጡ። የዚያን ቀን ተራ አልጠበቁም፣ ወደ ኋላ ገልጠው ያነበቡት ከጌታ ደቀ መዛሙርት የገንዘብ ከረጢት ስለሚይዘው ሰው ነበር። ከከረጢቱ ይሰርቅ ስለነበረው። በሙያዬ መጡብኝ! ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ቆይ እትዬ። ሌባ መሆኑን ጌታ አያውቅም ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«እያወቀ ከረጢቱን ተወለት?»

«እያወቀ።»

«አብሮት ይበላ ነበር?»

«እስከ መጨረሻው እራት ድረስ።»

ተናደድኩ። የምሬን ነው፣ ደሜ ፈላ። ይሄ እንዴት ያለ አስተዳደር ነው? ሙሄ ሶላቱን ሊሰግድ በጓሮ በኩል ወጣ ብሎ ነበርና ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጮህኩባቸው። «እትዬ፣ ይሄን መጽሐፍ ከቤትዎ የሰረቅኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«ከሽማግሌው ኮት!»

«ከግራ ኪሳቸው።»

አፌ ውስጥ ዓሣው ቆመ። «እንዴት? ሁላችሁም ጨፍናችሁ ነበር!»

«ሁሉም ሲጨፍን አንድ ሰው መኪናውን ይረግጣል፣ የጸሎቱ ድምፅ ውጭ እንዳይሰማ። መኪና የሚረግጠው ሰው በመስኮት መንገዱን ይጠብቃል እንጂ አይጨፍንም። የዚያን ቀን ተራው የእኔ ነበር ልጄ።»

መርፌው ሥር ጨርቅ ያልነበረው ለዚያ ነው።

«ታዲያ ለምን አልጮሁም?»

«ብጮህ ጎረቤት ይሰማላ!» አሉና ሣቁ። ከዚያ ሣቃቸውን ተዉት። «ሌላ ነገር ነክተህ ቢሆን እጅህን እይዘው ነበር። እሱን ስታነሣ ግን ይሄ ልጅ የሚያስፈልገውን ሳያውቀው አገኘው ብዬ ተውኩህ።»

«ዛሬ ቤትዎን ልናገር እንደምችል ያውቃሉ?»

«ትችላለህ።»

«እና ምሳ ያመጣሉ?»

«ምሳ ሰዓት ደረሰ እኮ» አሉኝ፤ ሌላ ምክንያት የሚያስፈልገው አልመሰላቸውም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት ማንም አላየኝም ብዬ ነው። ለካ ታይቻለሁ። እኝህ ሴት አይተውኛል፣ ዝም ብለው ሳህን አቅርበውልኛል። ከእሳቸው በላይ ደግሞ ዓይኑን ጨፍኖ የማያውቅ አንድ ጌታ ከመጀመሪያዋ ሳሙና ጀምሮ ሲያየኝ ኖሯል፣ አልጮኸብኝም። ሊያጋልጠኝ ሳይሆን ሊያበላኝ እየጠበቀ ነበር። እዚያው መጋዘን ውስጥ፣ አፌ ዓሣ እንደሞላ፣ «ጌታ ሆይ፣ የያዝከኝ አንተ ነህ፣ አትልቀቀኝ» አልኩ። አለቀስኩ። ሃሌ ሉያ! በአፍ ሙሉ ማልቀስ ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ሙሄ ከስግደቱ ሲመለስ ዓይኔ ቀልቶ፣ ትንፋሼ ተቆራርጦ አገኘኝና «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው!» ብሎ ጀርባዬን ይደበድበኝ ጀመር። ጌታን የተቀበልኩት እየተደበደብኩ ነው።

ሲመሽ ሊቀመንበሩ ፊት ቆምኩ። «ቤቱን ትናገራለህ?»

«አልናገርም ጓድ ሊቀመንበር።»

«እንግዲያው ጴንጤ ነህ።»

«መጽሐፉን ስወስድ ሌባ ነበርኩ። ካላመኑኝ ይኸው።» የኮታቸው ኪስ ላይ ያለውን እስክሪብቶ መቼ እንዳነሣሁት እኔም አላየሁም፣ በእጄ ይዤ አሳየኋቸው። ሙሄ «ኡ!» አለ። ችግሩ ግን ከእስክሪብቶው ጋር ሌላ ነገር ተጎትቶ መዳፌ ውስጥ ገብቷል። ዳሰስኩት። በቆዳ የተሰፋ፣ ክር ያለው። ክታብ! የሃይማኖት ነገር የኋላ ቀርነት ምልክት ነው የሚሉት ሊቀመንበር፣ ልባቸው ላይ ክታብ ይዘው ነው የሚዞሩት።

ሰውየው ኪሳቸውን ነኩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። እጄን አዩ፣ ሙሄን አዩ፣ እንደገና እጄን አዩ። መዳፌን ብከፍት አለቁ፤ ያኔ ለሊቀመንበር እንዲህ ያለ ነገር ቀላል አልነበረም። ጠዋት ቢሆን እከፍተው ነበር፣ እንዲያውም እዘፍንበት ነበር። ግን እኔ ራሴ ምሳ ላይ ታይቼ ያልተጮኸብኝ ሰው ነኝ። እስክሪብቶውን በአንድ እጄ ስመልስላቸው በሌላው እጄ እጃቸውን ጨበጥኩና ክታቡን መዳፋቸው ውስጥ ተውኩት። ሙሄ አላየም። ያቺ የእጄ የመጨረሻ ሥራ ናት፤ ሳልሰርቅ የሠራኋት የመጀመሪያዋም ናት።

ሊቀመንበሩ ግንባራቸውን ጠረጉ። «ሌባ ነው» አሉ። «ጥርት ያለ ሌባ ነው። ፍቱት፣ የቀበሌውን ግቢ እየጠረገ ይቀጣ።»

«ጓድ ሊቀመንበር፣ አሁን ግን እኔ በጌታ—»

«አልሰማሁህም! ሂድ! ሂድልኝ!» ጆሯቸውን ያዙ።

ግቢውን ጠረግኩ። ቤቱ አልታወቀም፣ እትዬ አልጋነሽ አልተያዙም፣ ጸሎቱ አልቆመም፣ ጌታ ይክበር! መጽሐፉን ለሽማግሌው ስመልስ «ያንተ ነው» አሉኝ። «ማንበብ አልችልም» አልኩ፤ በመጨረሻ የሚያምነኝ ሰው ተገኘ። እትዬ አልጋነሽ ከመኪናቸው አጠገብ አስቀምጠው ፊደል አስቆጠሩኝ። ሙሄም በጓሮ በኩል እየመጣ ከእኔ ጋር ቆጠረ። አታጨብጭቡ! ሙሄ ለፊደሉ ብቻ ነው የመጣው፤ ዛሬ ሐጂ ሙሄ ነው፣ ጁምዓ አያመልጠውም፣ እኔን ሲያገኘኝ አሁንም ጀርባዬን ይመታኛል።

አያ ሰይድ ጋ ሄጄ «የሳሙናውን ይቅር ይበሉኝ» ስላቸው «ሳሙናውን ተወው፣ ዝፈንልኝ» አሉኝ። «አያ፣ አሁን የምዘምረው መዝሙር ነው» ብላቸው፣ «ዜማው አምባሰል ከሆነ ምን ቸገረኝ» አሉና «እጅህን ግን ኪስህ ውስጥ ክተት» ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ግን ሽፋሽፍታቸውን እያየሁ ዘመርኩ።

እትዬ አልጋነሽ ወደ ጌታ ሄደዋል። መኪናቸውን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ በዚያች መኪና ልብስ እየሰፋሁ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፣ መርፌው ሥርም ጨርቅ አይጠፋም። ክብር ምስጋና ለእርሱ ይሁን! ስለዚህ አንተ «እኔን ማንም አያየኝም» ብለህ ከኋላ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ ታይተሃል። አትሩጥ። ያየህ ጌታ ምሳ ይዞ ነው የቆመው፤ ራስህን ስጠው፣ ታመንበት፣ እኔን የመሰለውን ከያዘ አንተ አትከብደውም።

መሪያችን ተነሡ፣ አየሁ፣ ልጨርስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ እሱን ሳልናገር ከወረድኩ ምስክርነቱ ግማሽ ነው። በጸሎት ጊዜ እኔ በሩ አጠገብ ቆሜ ዓይኔን እንደማልጨፍን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። «ወንድም ይመር የእትዬ አልጋነሽን አገልግሎት ወርሶ ይጠብቀናል» ትላላችሁ፣ እኔም ስትባርኩኝ ዝም ብዬ እባረካለሁ። ከማን ነው የምጠብቃችሁ? ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ ነው። እውነቱ ይሄ ነው፤ በጌታ እታመናለሁ፣ በእናንተ ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም። ዓይኔን የማልጨፍነው ሞባይሌን እንዳትሰርቁኝ ነው።